ጦቢያ፦ የሰው ስም ናት ወይስ የአገር?

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ መጽሐፉን ያነበበውም ያላነበበውም በአንድ አፍ «ጦቢያ» ይላል። ጦቢያ ማን ናት ሲባል ደግሞ መልሱ እንደዚያው ፈጣን ነው። «ኢትዮጵያ ናታ!» ይባልና ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ክርክር የምንገጥመው ከዚህች ሁለተኛ መልስ ጋር ነው። ሐሰት ነው አንልም፤ ቸኩሏል ነው የምንለው። ጦቢያ አገር ከመሆኗ በፊት የአንዲት ልጅ ስም ናት። ስሙም የራሱ ትውልድ፣ የራሱ ትርጉም፣ የራሱም ዕድል አለው። ይህን ዘለን አገሪቱ ላይ ስንደርስ ልጅቱ መንገድ ላይ ትቀርብናለች።

አስቀድመን ስለ መጽሐፉ እንናገር። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰቱን በ1900 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908) ሮም ላይ ሲያሳትሙት የሰጡት ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። «ጦቢያ» የሚለው መጠሪያ መጽሐፉን ጠቅልሎ የያዘው ኋላ ነው። ይህ ለውጥ ቀላል መስሎ አይታየን። ከውስጥ ያለ ስም የባለቤቱ ነው፤ ሽፋን ላይ የወጣ ስም ግን ባንዲራ ይሆናል። ልጅቱ ከገጾቹ መካከል ተነሥታ ሽፋኑ ላይ ስትሰቀል፣ አንባቢው ገና መጽሐፉን ሳይገልጥ ስለማን እንደሚያነብ የወሰነ ይመስለዋል።

ታሪኩን ላላነበበ በአጭሩ እናስታውስ። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴም ገንዘብ ሰጥቶ ነጻ እንዲወጣ ያደርገዋል። የጦር አለቃው መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋህድ፣ ሴቷ ጦቢያ። ዋህድ ያን ባለውለታ ፈልጎ ብድሩን ሊመልስ ይነሣና በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትና ጦቢያ ደግሞ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ ተብላ ነው የምትሄደው። ክርስቲያን ካልሆነ ንጉሥ ዘንድ ይደርሳሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ወንድ መስላት ጦቢያን ትወዳለች። መጨረሻው ሰርግ ነው፤ ንጉሡ ተጠምቆ ጦቢያን ያገባል፣ ዋህድም ያችን የንጉሡን ዘመድ።

እንግዲህ ወደ ስሙ። ጦቢያ፣ ወይም ጦብያ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ የወንድ ስም ነው። በዕብራይስጥ «ጦብ» መልካም ማለት ሲሆን «ያ» የእግዚአብሔር ስም ምሕጻር ነው። አንድ ላይ ሲነበብ «እግዚአብሔር መልካም ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ስሙን ይዘው በመጽሐፍ ከምናገኛቸው ሰዎች አንዱ ክፉ ነው፤ በመጽሐፈ ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩትን ሲያፌዝባቸው የምናየው አሞናዊው ጦብያ። ሌላው ግን በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ውስጥ በሚገኘው በመጽሐፈ ጦቢት የተነገረለት የጦቢት ልጅ ጦብያ ነው። ስሙ ዓለምን ዞሯል። በጀርመንና በስካንዲኔቪያ አገሮች ቶቢያስ ይባላል። በእንግሊዞች ዘንድ ሲቆላመጥ ቶቢ ይሆናል። ሾሌም አሌይኸም በይዲሽ ቋንቋ የጻፈለት ወተት ሻጩ ቴቭዬም ስሙ ይኸው ነው። ጣልያኖች ደግሞ ልክ እንደኛ ቶቢያ ይሉታል። በእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች ባለ ስሙ ወንድ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ በናፖሊ አማርኛ ያስተማሩና ከጣልያኖች ጋር ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ስሙ የወንድ መሆኑን ሳያውቁ ለሴት ልጅ ሰጡት ለማለት እኛ አንደፍርም።

አሁን መጽሐፈ ጦቢትን ከልብ ወለዱ አጠገብ እናስቀምጠው። ዓይኑ የጠፋው ጦቢት በሜዶን አገር በአደራ ያስቀመጠውን ዐሥር መክሊት ብር እንዲያመጣ ልጁን ይልከዋል። መንገድ የሚመራው መልአኩ ሩፋኤል ሲሆን መልአክነቱን ሰውሮ በሰው አምሳል ነው የሚሄደው። ልጁ በመንገዱ ሚስት ያገኛል፣ ገንዘቡን ያመጣል፣ በዓሣው ሐሞትም የአባቱን ዓይን ያበራል። ታዲያ ይህ ሁሉ አያስታውሰንም? በዚያም በዚህም የተቸገረ አባት አለ፣ ልጅን ከቤት የሚያስወጣ ገንዘብ አለ፣ ራሱን የሰወረ መንገደኛ አለ፣ መጨረሻውም ሰርግ ነው። ልዩነቱ ደራሲው ነገሩን መገልበጣቸው ነው። የጦቢት ልጅ የሚሄደው ለአባቱ የሚገባውን ገንዘብ ሊቀበል ነው፤ ዋህድ ግን አባቱ ያለበትን ሊከፍል። በዚያ ራሱን የሰወረው መሪው ነው፤ በዚህ ራሷን የሰወረችው ጦቢያ ናት። ስለዚህ ስሙ በአጋጣሚ የተለጠፈ አይመስለንም። ደራሲው የአንድ የቆየ ታሪክ አጥንት ይዘው አዲስ ሥጋ ሲያለብሱ፣ ከየት እንዳመጡት ምልክት ትተውልናል።

የወንድሟም ስም ይህን ያጠናክርልናል። ዋሕድ በግዕዝ «አንድ ብቻ የሆነ» ማለት ነው። መንታ ሆኖ የተወለደን ልጅ «አንድዬ» ብሎ መጥራት ምን ይሉታል? ስሙን የሰጠ ሰው ሆን ብሎ እየተጫወተ ነው። ወንዱ ዋህድ ተባለ፣ ግን ብቻውን አይደለም። ሴቷ ጦቢያ ተባለች፣ ግን ወንድ አይደለችም። የወንድ ልብስ ከመልበሷ በፊት የወንድ ስም ለብሳለች ማለት ነው። በመንገድ ላይ የምታደርገው ነገር ስሟ ቀድሞ ያደረገውን ነው። የድርሰቱ ዋና ብልሃት እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል፤ ይህ ደግሞ «ጦቢያ ማለት ኢትዮጵያ ናት» ብሎ ለሚዘጋ አንባቢ ፈጽሞ አይታየውም።

አገሪቱስ? ኢትዮጵያ በሕዝብ አፍ ጦቢያ መባሏን ማን ይክዳል! መነሻዋ «ኢ» ወደቀች። «ጵ» ከውጭ በመጡ ስሞች ላይ ካልሆነ በአማርኛ ብዙም የማትገኝ ድምፅ ስለሆነች ወደ «ብ» ለዘበች። ጥብቀቷ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ወደ «ት» ተሸጋግራ «ጠ» አደረገቻት። እንዲህ ሆኖ የግሪክኛው ቃልና የዕብራይስጡ ስም በአማርኛ አፍ ላይ ተገናኙ። አገር በአማርኛ እናት ናት፣ «እሷ» ናት። ስለዚህ የወንዱ ስም ለሴት ልጅ ሲሰጥ ለጆሮ ያልጎረበጠው አገሪቱ በር ስለከፈተችለት ሊሆን ይችላል። ደራሲው አገራቸውን ከቶ አላሰቡም ብለንም አንከራከርም። አስበው ይሆናል። የምንለው አገሪቱ ሁለተኛዋ ፍቺ እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለችም ነው።

ፊተኛና ኋለኛ ብሎ መከራከር ምን ይጠቅማል የሚለን አንባቢ ይኖራል። ይጠቅማል እንጂ! ጦቢያ ኢትዮጵያ ናት ካልን፣ ያ ንጉሥና ሕዝቡ ማን ሊሆኑ ነው? ከጦቢያ ውጭ ያሉ፣ በጥምቀት ወደ ጦቢያ የሚገቡ እንግዶች ይሆናሉ ማለት ነው። ለአገር ምሳሌ ያደረግነው ድርሰት ብዙውን የአገር ሰው ከበር ውጭ ያቆመዋል። መስጊድ የሚሄደውም፣ የአባቶቹን ባህላዊ እምነት የያዘውም «የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን» ሲባል ከደጅ ሆኖ ሊሰማ ነው። ድርሰቱ በሃይማኖት ረገድ ያለበትን ወገንተኝነት መሸፈን አይገባንም፤ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን የአንዲት ልጅ ታሪክ ብለን ስናነበው ወገንተኝነቱ የደራሲውና የዘመናቸው ሆኖ ይቀራል፤ የአገር ምሳሌ ነው ብለን ስናስተምረው ግን የእኛ ይሆናል። ክርክራችን ለዚህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ነጋድራስ አፈወርቅ በፋሺስት ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር ማበራቸውና «አፈ ቄሣር» መባላቸው የታወቀ ነው። ከነጻነት በኋላም ወደ ጅማ ተግዘው እዚያው በ1947 እ.ኤ.አ. አረፉ። ታዲያ «ጦቢያን የጻፈ ጦቢያን ሸጠ» ብሎ መቀለድ ምን ያህል ይቀላል! ቀልዱ ሰውየውን ቢነካ ግድ የለንም፤ ሥራቸው ነው። ግን ቀልዱ የሚቆመው በስሙ መመሳሰል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት ያህል በፊት የተጻፈን ድርሰት ኋላ በተሠራ በደል መዳኘት ይሆናል። ሰውን በሥራው፣ መጽሐፍንም በገጹ መመዘን ይሻላል።

የስሙ ዕድልስ ምን ሆነ? ስሙ በነገር ላይ በዛ፣ በሰው ላይ ግን ጠፋ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጦቢያ የምትባል የግል መጽሔት ወጥታ ብዙ አንባቢ አፍርታ ነበር። በ2000ዎቹም አዲስ አበባ ላይ «ጦብያ ግጥምን በጃዝ» የተባለው የኪነ ጥበብ ምሽት ተጀመረ። በስም ጥሪ ላይ ግን «ጦቢያ!» ተብሎ «አቤት» የምትል ልጅ ብርቅ ናት። የአገር ስም ስለከበደ ነው እንዳይባል ኢትዮጵያ የምትባል ሴት በየሰፈሩ አለች። ቤተ ክርስቲያን ስላላወቀችው ነው እንዳይባል የጦብያ ታሪክ ከሩፋኤል ጋር የታወቀ ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀን ሕፃን አዋቂው ዝናብ ሊመታው ይወጣል። ነገር ግን ወላጅ ለልጁ የሚመርጠው የመሪውን የመልአኩን ስም እንጂ የተመሪውን ልጅ ስም አይደለም።

እኛ የምናየው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የቃሉ ዜማ ነው። በአፋችን «ወይ ጦቢያ!» የምንለው ስንተክዝ ወይም ስናሽሟጥጥ ነው፤ በትካዜ ስም ልጅ አይጠራም። ሁለተኛው ጥፋት የሥነ ጽሑፉ ነው። ሰብለ ወንጌልን እንውሰድ። ስሙ የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት የነበሩት የእቴጌይቱ ስም ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ለአንዲት የባላባት ልጅ ሰጡት። ሰብለ ስትፈራ፣ ስትወድ፣ ስትቆርጥ እናያታለን። ሰብለ ሲባል የሚታወሰን እቴጌይቱ ሳይሆኑ ልጅቱ ናት። የጦቢያ ውበት ግን ከልክ በላይ ተወደሰ እንጂ በሆዷ ያለውን ብዙም አልሰማንም። ደራሲው ልጅቱን ጥቂት ብቻ ስላሳዩን፣ እኛ ደግሞ በፋንታዋ አገር ተከልንበት። ሰው ልጁን በሰው ስም ይጠራል፤ በሐውልት ስም ግን ለመጥራት ያመነታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። መጽሐፉን እንደገና የሚያነሣ ጓደኛችን መጽሐፈ ጦቢትን ከጎኑ ያድርግ፤ አጭር ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ፍቺ ለጊዜው ያቆየውና የወንድ ስም ተሰጥቷት፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድሟን ፍለጋ የምትሄደውን ልጅ ይከተላት። የተለየ ሐሳብ ያለው ደግሞ ይጻፍልን፤ ገጹ ክፍት ነው። አገሪቱ ብዙ ስም፣ ብዙም ጠበቃ አላት። ልጅቱ ግን ያላት ይኸው አንድ ስም ብቻ ነው።