ከድምፅ በፊት ጆሮ

የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ጉባኤ አይቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲያይ ግር ይለዋል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በዙሪያቸው አንዱ ጾመ ድጓ፣ አንዱ ምዕራፍ፣ ሌላው የመስከረሙን ድጓ ይዞ ሁሉም በየፊናው በአንድ ጊዜ ያዜማል። ለመንገደኛ ጫጫታ ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ጥግ የተቀመጠው ልጅ ርክርክ የምትባለውን አንዲት የዜማ ምልክት ዘሎ ቢያልፍ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ» ይላሉ። ልጁም «እኔን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚመለስበትን ቦታ ያውቀዋል።

ሰው የዜማ ሙያ ሲባል ድምፅ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ ሙያ በቆየሁ ቁጥር ሥራው ሁሉ የጆሮ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መልካም ድምፅ ኖሯቸው ከድጓ ቤት ሳይዘልቁ የቀሩ አሉ፤ ድምፃቸው ሻካራ ሆኖ ዛሬ ጉባኤ የዘረጉም አሉ። ልዩነቱ አንዱ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ሌላው መምህሩን መስማቱ ነው። ስለ እምነትም የማስበው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ማደግ ማለት በአብዛኛው የሚሰማ ሰው መሆን ይመስለኛል።

ጋይንት በዚህ ሙያ ስሙ የሚጠራ አገር ነው። ድጓ ተምሮ ያበቃ ሊቅ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ተፈትኖ የሚያስመሰክረው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው ደግሞ ዙር አምባ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት በግራኝ ዘመን መጻሕፍት ሲቃጠሉ ድጓው ተርፎ የተገኘው ቤተልሔም ነው፤ ቦታው የምስክር ቤት የሆነውም ስለዚህ ነው። ዙር አምባም ስሟ ከቅዱስ ያሬድና ከዐፄ ገብረ መስቀል ጋር ይነሣል። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ የውጭ ጸሐፊ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ቤተልሔም ደርሶ፣ ከውጭ ሲያዩት የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን በውስጡ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ሸፍኖ መያዙን ጽፏል። እኛ የምንኮራው በድንጋዩ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ቆሞ ዜማው ቢጠፋ ኖሮ ዛሬ ቤተልሔምን ማን ይጠራት ነበር?

ዜማው እንዴት እንደቆየ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የድጓውን መጽሐፍ ከፍቶ ይይ። በቃሉ ላይ በቀጭን ብዕር ምልክቶች ተጽፈዋል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። እነዚህ በነጥብና በሰረዝ የሚጻፉ ናቸው። ከእነሱ ሌላ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ የሚታይበት ምልክት አለ፤ ያ ፊደል ተማሪው ቀድሞ በቃሉ ከያዘው ሌላ ቃል የተቆነጸለ ነው። «ይህን እንደዚያ በለው» ማለት ነው። ስለዚህ ያን ሌላውን ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያነብበውም ዜማው አይወጣለትም። አባቶች ይህን የምልክት ሥርዓት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይናገራሉ። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ1993 እስከ 1997 (እ.ኤ.አ.) በሦስት ጥራዝ ባሳተሙት ሥራ ከ500 የሚበልጡ የፊደል ምልክቶችን ዘርዝረዋል። ትልቅ ድካም ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ያን ዝርዝር ይዞ ያለ መምህር «ሰላም» ከሚባለው ዜማ አንዲቱን እንኳ የሚያዜም ሰው አይገኝም። ምልክቱ የሰማውን ሰው እንዲያስታውስ የተሠራ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት ጽሕፈት አንሷቸው አይመስለኝም፤ ልጅ ከአባት እግር ሥር ሳይቀመጥ እንዳይማር ፈልገው ይመስለኛል።

አሁን ስለ ቁራሽ ልናገር፤ ስለ አገልግሎት ሲወራ የሚዘነጋው እሱ ነውና። ተማሪው ጠዋት ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ መንደር ይወርዳል። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻ ይመጣበታል፤ ብርዱም የጋይንት ብርድ ነው። የምትሰጠው ሴት ብዙ ጊዜ ከተማሪው የተሻለ ኑሮ የላትም። ይህ አገር ድርቅ ደጋግሞ የጎበኘው፣ ብዙ ቤት በሴፍቲኔት እህል ክረምቱን የተሻገረበት አገር ነው። በ1977 ቁራሽ የሚሰጥ ቤት ራሱ ስደት ወጥቷል። እንዲህም ሆኖ የድጓ ቤት አልተዘጋም። ያቺ ሴት ድጓ አታውቅም፤ ግዕዝ አትሰማም፤ ምናልባት በእርሷ ገብስ የተማረው ልጅ ተመስክሮ የት ደብር እንደሄደም አታውቅም። ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሲነገር ካህናትና ዲያቆናት ተጠርተው እርሷ ሳትጠራ ስትቀር ይቆጨኛል። ቅዱስ ያሬድ ያቆመውን ዜማ እስከ ዛሬ ያደረሱት ሊቃውንቱና እነዚህ እናቶች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አንድ ዓመት አይዘልቅም ነበር።

የጆሮ ሙያነቱ በይበልጥ የሚታየው ማኅሌት ላይ ነው። ግራና ቀኝ ፊት ለፊት እንቆማለን። አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። አዲስ የተመሰከረ ጎልማሳ መምራት ይወዳል፤ ይህ ያለ ነው። መቀበል ግን ይከብደዋል፤ የመራው ሰው በጀመረበት ልክ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያስረዝም፣ ከጎኑ ካለው ጋር ትንፋሹን አስተካክሎ ማንሣት አለበት። ዶሮ ሲጮኽ ገደማ አንድ ሽማግሌ እየመሩ ሳለ ትንፋሻቸው ያጥራቸዋል። ያን ጊዜ ከጎናቸው ያለው ሰው ከእሳቸው ድምፅ ዝቅ ብሎ ያስከትላል። እሳቸው ትንፋሽ ሰብስበው ሲመለሱ እሱ ይለቅላቸዋል። ሕዝቡ ምንም አይሰማም። እኔ አንድ ዘማሪ መብሰሉን የማየው በዚህች ቦታ ነው። ሽማግሌው ሲደክሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚነጥቅ ሰው ድጓውን ከነምልክቱ ቢያውቀውም ገና ተማሪ ነው።

በሥራ ቀን ገበሬ ነኝ፤ ገብስና ድንች አርሳለሁ። ሞፈር ይዤ ስሄድ የሰማሁትን በውስጤ እደግመዋለሁ፤ ማኅሌት ላይ ያመለጠኝ የቃሉ ምሥጢር ብዙ ጊዜ የሚገለጥልኝ እዚያ ነው። ሌሊት ስቆም ዜማውን እንዳላፈርስ ተጠንቅቄ ስለምቆም ትርጉሙ በላዬ ያልፋል። ቀን ብቻዬን ስሆን ይመለሳል። ደብር ውስጥ ደመወዝ ያለው አገልጋይ መሆን አይከፋም፤ ነገር ግን እርሻ የማያውቅ ደብተራ የክረምቱን ድጓ እንዴት አድርጎ እንደሚያዜመው አላውቅም። ዝናብ የለመነ ሰውና ዝናብ ያልለመነ ሰው አንድ ዓይነት «አሜን» አይሉም።

ወደ ሐዘን ቤት ስንሄድ ደግሞ ሌላ መስማት አለ። መዋሥዕት የሙታን ዜማ ነው፤ በፍትሐት፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ይባላል። ወጣት ሳለሁ የምጨነቀው ዜማው እንዳይሳሳትብኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ልጇን የቀበረች እናት ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ እጄን ስማ፣ «መሪጌታ፣ ልጄ ምን ተባለለት?» አለችኝ። ግዕዙን አልሰማችውም። ተቀምጬ ያዜምነውን በአማርኛ አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክትጠግብ ጠየቀችኝ፤ እኔም መለስኩ፤ ከዚያ እርሷ ስለ ልጇ ስትናገር እኔ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ፍትሐት ሲያልቅ ቶሎ አልነሣም። ተዝካሩን ተመግቦ፣ ጽናጽሉን ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ ግን ሰው የሚናገረው ዘመድ ወዳጁ ከተበተነ በኋላ ነው። ያን የሚሰማ አገልጋይ ከሌለ መዋሥዕቱ ለሙታን ብቻ የተባለ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ድምፅ ማጉያ የምለው አለኝ። የእኛን ንፋስ መውጫ በመሰለ ከተማ ከየደብሩ የሚወጣው የማጉያ ድምፅ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከዐውደ ምሕረት ለስብከት መዋሉን አልጠላም፤ ሩቅ የቆመ ሰው ይሰማል። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ሲገባ ግን ጉዳቱን አየሁ። ማይኩን የያዘው ሰው የጎኑን ሰው መስማት ይተዋል፤ ያልያዙት ደግሞ ማዜም ይተዋሉ። ሃያ ሰው ቆሞ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ከወጣ ማኅሌት መሆኑ ይቀራል። በእኛ ደብር ለማኅሌት ማይክ እንዲጠፋ የጠየቅሁት ስለዚህ ነው። አንዳንዶች ቅር ብሏቸዋል፤ ወጣቶቹ ግን ከከበሮው ጋር መቀባበል እንደገና ጀምረዋል።

የስልኩ ነገር የተለየ ነው። ተማሪዎች የመምህራቸውን ድምፅ ቀድተው ሌሊት ይሰሙታል። አልከለክልም፤ አስቀጻይ፣ የሚያስጠና ሰው፣ ባላገኙበት ሰዓት ይረዳቸዋል። ስልኩ ግን «ተመለስ» አይልም። ልጁ የተሳሳተውን ነገር መቶ ጊዜ ደግሞ ሲያጸናው ዝም ይላል። እንዲህ የጸና ስሕተት ለማስለቀቅ አዲስ ከማስተማር ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ በስልክ የያዙትን ሁሉ በማግስቱ ፊቴ እንዲሉት አደርጋለሁ።

ከተማው ውስጥ ማታ ማታ የሚመጡ ሰዎች አሉኝ። መምህራን አሉ፣ ነጋዴ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ እህት አለች። አንዳቸውም ቤተልሔም ሄደው አያስመሰክሩም፤ እኔም ያን አልጠብቅባቸውም። የማስጀምራቸው ውዳሴ ማርያምን በዜማ ነው። መጀመሪያ ለብዙ ማታ ምንም አያዜሙም፤ እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ። ያስቸግራቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሲናገር የዋለ ሰው ዝም ብሎ መስማት ሥራ ፈትነት ይመስለዋል። ከዚያ አንድ አንድ ሐረግ ማንሣት ሲጀምሩ ትክክል ሆኖ ይወጣል፤ ምክንያቱም ከመናገራቸው በፊት ሰምተውታል። ከመምህራኑ አንዱ አሁን የሰኞውን ኪዳን ከሥራ በፊት ይደርሳል። ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ እህት በሌሊት ተራዋ ውዳሴውን ለራሷ እያለች እንደምታነጋ ነግራኛለች። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ምዕራፍ እንድጀምርለት ጠይቆኛል። ገብሱ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ እንጀምራለን ብዬዋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ኪዳን እየመጣ ከኋላ ቆሞ እንዲሰማ።