«ዋጋ» እና «ይችላል»፤ የአንድ ስም ጠባይ በሽሮ ሜዳ ገበያ

እንግሊዝኛ በሚማሩበት ክፍል ሰሌዳ ላይ ተደጋግሞ የሚጻፍ አንድ ሠንጠረዥ አለ። በግራ በኩል «ካን»፥ «ማስት»፥ «ሹድ»፥ «ሜይ» ይጻፋሉ፤ በቀኝ በኩል «ይችላል»፥ «አለበት»፥ «ይገባዋል»፥ «ይሆናል» ይሰለፋሉ። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚሁ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንነቅፈውም ይህንኑ ሠንጠረዥ ነው፤ የምንነቅፈው ግን ትርጉሞቹ ፈጽሞ ስሕተት ናቸው ብለን ሳይሆን፥ ግሦቹን ከስሞቻቸው ነጥሎ ስለሚያስተምር ነው። ለምርመራችን አንድ ተራ ስም መርጠናል፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ «ፕራይስ»፥ ባማርኛ «ዋጋ» የሚባለው ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ቃል የሚታወቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት ነው ብሎ ነበር። በዚህ መንገድ ብንመለከተው «ፕራይስ» ወዳጀ ብዙ ስም ነው። «ካን»ን፥ «ማስት»ን፥ «ሹድ»ን፥ «ሜይ»ን ሁሉ ራሱ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ያለ ችግር ይቀበላል። «ዋጋ»ስ? እንደዚሁ ያደርጋል ብሎ ከሰሌዳው ላይ መገመት ቀላል ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ከጧት እስከ ማታ ወደሚነሣበት ስፍራ መሄድ ነበረብን።

ሽሮ ሜዳን ለአንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከእንጦጦ ግርጌ፥ በጉለሌ፥ ነጠላና ጋቢ፥ ኩታና ጥለት ያለው ቀሚስ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ የሚታይበት ገበያ ነው። ከእኛ አንዱ በሠንጠረዡ መሠረት አንድ ጋቢ አንሥቶ «ዋጋው መቀነስ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩ ሳቀና «እሱ ምን ይችላል ልጄ! እኔን ጠይቀኝ እንጂ» አለው። ይህ መልስ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ያሰብነውን ግማሹን ሠራልን። የሱቁ ሰው ሰዋስው አላስተማረንም፤ ነገር ግን «መቀነስ ይችላል» የሚለው አነጋገር ችሎታ ያለው ባለቤት እንደሚፈልግ፥ ዋጋ ደግሞ ችሎታ እንደሌለው ወዲያው ተሰማው። «መቀነስ ይቻላል?» ብንለው ኖሮ አይስቅም ነበር፤ ምክንያቱም በዚህ አነጋገር የሚችለው ዋጋው አይደለም።

ታዲያ ገዢና ሻጭ በምን ይግባባሉ? አንዲት እናት ነጠላውን በእጃቸው እያሹ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላሉ። «አይቀንስም፥ እትዬ» ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ «ካን» ከነአፍራሹ የሚገባበት ቦታ ባማርኛ ተራው «አይቀንስም» ብቻውን ይሞላዋል። ምክንያት ሲሰጥም «አያዋጣኝም» ይባላል። ግምት ሲሆን ደግሞ «ለበዓል ሳይጨምር አይቀርም» የሚል ይሰማል። ይህ «ሳይ… አይቀርም» የሚለው አነጋገር በሠንጠረዡ ውስጥ ስፍራ የለውም። ከ«ሜይ» ይጠነክራል፥ ከ«ማስት» ይላላል፤ በሁለቱ መካከል ላለው ሰፊ ሜዳ አማርኛ የራሱ መንገድ ሳለው ተማሪው ግን «ሊጨምር ይችላል»ን ብቻ ይዞ ይመረቃል። «ሊጨምር ይችላል» ባማርኛ የለም አንልም፤ በዜናና በጽሑፍ በየቀኑ የሚገኝ ነው። እኛ የምንለው በገበያው ውስጥ ብዙ ሥራ የለውም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን «ቻለ» ከ«ዋጋ» ጋራ በእርግጥ ሲገናኝ ነው። ይገናኛል፤ ነገር ግን በተገላቢጦሽ ነው። «ዋጋው አልተቻለም እኮ!» ይላሉ ሴቶቹ፥ ሱቁን ለቀው ሲወጡ። ወይም «ዋጋውን አልቻልነውም»። «ቻለ» መሥራት መቻል ብቻ አይደለም፤ መሸከም፥ መታገሥም ነው። እንግሊዝኛው «ፕራይስ»ን የሚችል ሲያደርገው አማርኛው «ዋጋ»ን የሚቻል ወይም የማይቻል ሸክም ያደርገዋል። ሠንጠረዡ «ካን» እና «ይችላል»ን ትከሻ ለትከሻ ሲያቆማቸው የሚሰውረው ይህን ነው።

«አለበት»ም እንዲሁ ነው። «ዕዳ አለብኝ» እና «መሄድ አለብኝ» አንድ ዐይነት አሠራር ናቸው፤ በሁለቱም በሰውየው ላይ የተጫነ ነገር አለ። (እንግሊዝኛውም ጥንት እንዲህ ነበር። «ሻል» የሚለው ግሥ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዕዳ አለበት ማለት ነበረ፤ «ካን»ም ዐወቀ ማለት ነበረ። እነርሱ ረስተውታል፥ እኛ ገና አልረሳንም።) እንግዲህ «ዋጋው መቀነስ አለበት» ስንል ዕዳውን በማን ላይ ጫንን? በዋጋው ላይ! በሽሮ ሜዳ ገዢው «ትንሽ ይቀንሱልኝ» ብሎ ሰውየውን ይለምናል እንጂ ዋጋውን አያስገድድም። በስብሰባና በጥናት ወረቀት ግን «ዋጋ መረጋጋት አለበት» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን፤ ማን ያረጋጋው? በዚህ ነጥብ ላይ ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የኀላፊነት ጥያቄ ይሆናል። እኛም ተማሪዎቹ በየወረቀታችን ይህን እንጽፋለን፤ ባለዕዳው ሳይጠራ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ መስሎ ስለሚታየን። ግምትን ለሚያመለክተው «ይህ ሱቅ መሆን አለበት» ለሚለው ግን ነቀፌታ የለንም፤ እርሱ ሌላ ጠባይ ነው፥ «ዋጋውም ውድ መሆን አለበት» ቢባል ጆሮ አይቈረቊርም።

«ሹድ»ን በአጭሩ እንለፈው። «ይህ ዋጋ ይገባዋል» ሲባል የሚገባው ለልብሱ ነው፤ «ለዚህ ጥለት ይህ ሲያንሰው ነው» የሚለው ሻጭም የሚሟገተው ስለ ጥለቱ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንጠብቃለን። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው፤ አፍ የፈቱበትም ቋንቋ ብዙ ጊዜ ጋሞኛ ነው። ስለዚህ የሰማችሁት የገበያ አማርኛ ነው፥ ለመላው ቋንቋ ምስክር አይሆንም የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው። ነገር ግን «አልተቻለም» ያሉትና «ይቀንሱልኝ» ያሉት ገዢዎች ናቸው፤ እነርሱም ከየሰፈሩና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ናቸው። ደግሞም በሁለተኛ ቋንቋው ድርና ማግ ገዝቶ፥ ሸጦ፥ ተከራክሮ የሚኖር ሰው የቃላቱን ጠባይ ያላወቀ እንደ ሆነ ጉዳቱ በኪሱ ነው፤ እኛ ግን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ነው የምንሳሳተው።

ይህ ችግር መፍትሔ የሌለው አይደለም። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከስሙ ጀምሮ ዐውደ ንባብን መሠረት ያደረገ ነው፤ ቃልን ከነዐረፍተ ነገሩ ይሰጣል። መምህራኖቻችን ሠንጠረዡን ይደምስሱ አንልም። በእያንዳንዱ ግሥ ፊት ግን አንድ ስም ይጻፍበት እንላለን፤ ዛሬ «ዋጋ»፥ ነገ «ዝናብ»፥ ከነገ ወዲያ «ሕግ»። ስሙ ሲለወጥ የቀኙ ረድፍ እንዴት እንደሚለወጥ ተማሪው ራሱ ያየዋል። በተገላቢጦሹም ይሞከር፤ «ዋጋው አልተቻለም» የሚለው ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ ተብሎ ቢሰጥ፥ በጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ «ካን»ን ከአፍራሹ ጋራ ያገኛታል፥ ባለቤቱ ግን «ፕራይስ» መሆኑ ቀርቶ «ዊ»፥ ማለት እኛው ራሳችን፥ ይሆናል።