የድሮ መልክ ስለ ለበሱ የሙዚቃ ሽፋኖች

የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ዜማው ሳይሆን ዜማው የሚሸጥበት ሽፋን ነው። የሸክላና የካሴት ሽፋንን የሥዕል ሊቅ ከሥዕል አይቈጥረውም፤ የሙዚቃ ሊቅም በጆሮው እንጂ በዓይኑ ስለማይፈርድ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ወድቆ ይቀራል። ሆኖም ገዢው ዘፈኑን ከመስማቱ በፊት የሚያየው ሽፋኑን ነው፤ ከሰማም በኋላ ያን ዘመን የሚያስበው ሽፋኑ እንዳሳየው ነው። ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሽፋኑን ሆን ብሎ የድሮ መልክ የማልበስ ልማድ ስለ በረታ፣ ይህ ልማድ ምን እንደሚያሳየንና ምን እንደሚሸሽግብን መመርመር ይገባናል። (ከዚህ በታች የአገራችን ነገር በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር፣ የውጭ አገር ነገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፏል።)

የልማዱ ዋና ምንጭ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ እትም ነው። ሙሴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ፣ ቡዳ ሙዚክ በሚባል የፓሪስ አሳታሚ ቤት በኩል (ስሙ ለኛ ጆሮ ቢያስደነግጥም ቤቱ ማንንም አልበላም) ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሠላሳ ያላነሰ ቅጽ አውጥተዋል። ምስጋናውን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። በየሙዚቃ ቤቱ ጓዳ ተጭሮና ተሰብሮ ያልቅ የነበረውን ሸክላ ሰብስበው፣ የዘፋኙንና የተጫዋቹን ስም አጣርተው፣ ታሪኩን በመጽሔት መልክ ከውስጡ አስገብተው አሳትመዋል። አሜሪካዊው የሲኒማ ሠሪ ጂም ጃርሙሽ በ2005 የአቶ ሙላቱ አስታጥቄን ዜማ በፊልሙ ውስጥ ባስገባ ጊዜ፣ መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎለት የቈየው ይህ እትም ነበር። እንግዲህ የምተቸው የሰበሰቡትን ሳይሆን የሰበሰቡበትን ልብስ ነው።

የመጀመሪያው ቅጽ ሽፋን አርእስት ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዓመታት» የሚል ሲሆን፣ 1969–1975 የሚል ቍጥር ተከትሎታል። ይህም በኛ ከ1961 እስከ 1967 ግድም መሆኑ ነው። ስምንተኛው ቅጽ «ስዊንጊንግ አዲስ» ይባላል። ይህ ቅጽል የተወሰደው ከለንደን ነው፤ ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1966 የለንደንን ወጣቶች አለባበስና ጭፈራ ሲያወድስ ከተማይቱን በዚሁ ስም ጠርቷት ነበር። ሽፋኑ ማንን እንደሚያነጋግር ከዚህ ይታወቃል። ለውጭ አገሩ ገዢ «ያ የናፈቅኸው ለንደን በአፍሪካ ተራራ ላይም ነበረ» ይለዋል እንጂ፣ ለአዲስ አበባ ሰው የሚነግረው ምንም የለም። ከዚህ ቃል ጋር የዘመኑ ፎቶግራፍ ሲቀመጥ፣ ከረባቱን ያሠረ ዘፋኝ ወይም ሳክስፎኑን የያዘ ተጫዋች ሲታይ፣ ዘመኑ በሙሉ አንድ ረጅም የቅዳሜ ሌሊት ይመስላል። የፎቶግራፉ እውነተኛነት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ «ሠዓሊው ጨመረበት» ብሎ ሊጠራጠር ይችል ነበር።

የዘመኑን ሥራ ማንኳሰስ አይቻልም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ተከልሎ ሳለ፣ አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ክልከላውን ችላ ብለው በ1961 ግድም አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ። የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አቶ አምሃ አገር ጥለው እስከ ወጡ ድረስ አንድ መቶ ሦስት ትንንሽ ሸክላና ዐሥራ ሁለት ትልልቅ ሸክላ እንዳሳተሙ ይነገራል። ለስድስት ዓመት ይህ ብዙ ነው፤ «ወርቃማ» ለማለት የሚያበቃ ሙዚቃም በውስጡ አለ። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ ወርቃማው ሙዚቃው ነው ወይስ ዓመታቱ? ሽፋኑ የሚለው ዓመታቱን ነው።

በ1965 ወሎ ተርቦ ነበር። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከነዚያም መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ ወደ ወሎ ሄደው የረኀቡን ፎቶግራፍ አምጥተው በዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ አሳዩ። ገበሬዎች ከወሎ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከከተማይቱ መዳረሻ ላይ ግን ፖሊስ መለሳቸው። በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ጥቅምት 1966 ላይ ረኀቡን በቴሌቪዥን ለአገሩ ሰው አሳየ። በዓመቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ሊወርዱ ዋዜማ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየቀጣጠለ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን አሳየው። ምስልን ቈርጦ መቀጠል አንድን ዘመን እንዴት አድርጎ ሊያስጠላ እንደሚችል ያን ማታ ታይቷል። የወርቃማው ዘመን ሽፋንም የሚሠራበት ብልሃት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚቈረጠው ረኀቡ መሆኑ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ዘፋኙ ምን ያድርግ? በረኀብ ዘመን አይዘፈንም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ይዘፈናል። ሕዝባችን በለቅሶም በጦርነትም ዘፍኗል። የኔ ነቀፋ ዘፋኙን አይነካም፤ እንዲያውም ከሽፋኑ ይልቅ ዘፈኑ ታማኝ ነው እላለሁ። የዘፈኑ መሠረት የሆኑትን ቅኝቶች ስም እንመልከት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ናቸው። ስለዚህ ወሎ በሚያልቅበት ዓመት የወሎ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ተቀንቅኖ፣ ውጭ አገር ታትሞ፣ በአዲስ አበባ ሱቆች ይሸጥ ነበር። ዜማው አገሩን አልካደም፤ ስሙንም አልለወጠም። አገሩ ያልታየው በሽፋኑ ላይ ነው። «ትዝታ» የተባለው ዐሥረኛው ቅጽ በ2002 በወጣ ጊዜም ንዑስ አርእስቱ ዜማውን ከአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ጋር አዛመደው። ማዛመዱ ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። ይሁን እንጂ በኛ ዘንድ ትዝታ የሚያንጐራጕር ሰው የናፈቀው ነገር እንደማይመለስ ያውቃል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። ሽፋኑ ግን ሕመሙን ትቶ ናፍቆቱን ብቻ ይሸጣል፤ የተናፈቀውም በዚህ ዋጋ ይመለሳል የሚል ይመስላል።

ይህ የኛ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ የሩቅ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ በ1974፣ ማለት ልክ በኛ የ1966 አብዮት ሰሞን፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለ ጨዋታ ታተመ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ሲሆን የቀሩት የጦረኛ፣ የአስማተኛ ወይም የሌባ ጠባይ ይዘው፣ ባለ ብዙ ገጽ ጠጠር እየጣሉ በተረት ዓለም ይዘምታሉ። ከ1978 ጀምሮ ለዚህ ጨዋታ የታተሙት የጀብዱ መጻሕፍት መጀመሪያ ባለ አንድ ቀለም ሽፋን ነበራቸው፤ ሥዕሉም የእጅ ሥዕል፣ አንዳንዴም የጀማሪ እጅ የሚመስል ነበር። በ2003 ጉድማን ጌምስ የተባለ ድርጅት አዲስ የጀብዱ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር፣ የዚያኑ ዘመን ሽፋን አስመስሎ፣ ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ ጥብጣብ አድርጎ አወጣቸው። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው ሽፋኑን ሲያይ ልጅነቱን ያስታውሳል። የሚያስደንቀው ግን ያኔ ያልተወለደውም ወጣት መግዛቱ ነው፤ ያልኖረበትን ዘመን ይናፍቃልና። ይህን ልማድ ልነቅፈው አልችልም። መጽሐፉ የሚናፍቀው የተረት ዓለም ነው፤ ዘንዶው ቢዋሽበት ዘመድ የለውም። የ1965 አዲስ አበባ ግን ዘመድ አላት፤ ዘመዶቿም በደሴ መንገድ ዳርና ዳር ይኖራሉ።

መንገዱን ካነሣን ዘንድ ከጣርማበር በታች እንውረድ። ኢጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ያስቈፈሩትን ዋሻ ያለፈ መኪና በገደሉ ተጠማዝዞ ደብረ ሲና ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቈላ ይወርዳል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው ዋና መንገድ ይህ ነው። ለዚህ አገር ሰው «ወርቃማው ዓመት» የተባለው ምን መልክ ነበረው? በሽፋኑ ላይ እንደሚታየው አልነበረም። የሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት በጣት የሚቈጠር ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠንና ማሕሙድ አሕመድን የሰማቸው አብዛኛው ሰው በራዲዮ ነው፤ ራዲዮ ደግሞ ሽፋን የለውም። ከገደሉ በላይ የመንዝ ሽለላ፣ ከገደሉ በታች የይፋት መንዙማ በየራሳቸው ቦታ ይሰሙ ነበር፤ ለነርሱ የከተማው ሸክላ እንግዳ ነበር።

ዘፈን በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሆኖ ወደ ገጠር የወረደው በካሴት ነው፤ ይህም የሆነው ሽፋኑ «ወርቃማው ዘመን አለቀ» ብሎ መዝጊያውን ከዘጋ በኋላ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ማጫወቻ በሻይ ቤቱም በአውቶቡሱም ገባ። እንግዲህ ለደብረ ሲናና ለሸዋ ሮቢት ሰው የድሮ ሽፋን ማለት የሸክላው ልባስ ሳይሆን የካሴቱ ወረቀት ነው። ያን ወረቀት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ቀለሙ የደመቀ፣ ፎቶግራፉ ከስቱዲዮ መጋረጃ ፊት የተነሣ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም ከዘፋኙ ስም የማያንስ፣ በስተጀርባው የዘፈኖቹ ዝርዝር በጥቃቅን ፊደል የተደረደረ። ተቀድቶ የተሸጠ ከሆነም ወረቀቱ ቀርቶ ስሙ በእስክርቢቶ ይጻፍበታል። ሥነ ጥበብ ነው ብዬ አልከራከርም፤ አንዳንዱ በእውነት ያስቃል። ነገር ግን በሰዓት እላፊ ዘመን፣ የሌሊት ጭፈራ በተከለከለበት አገር፣ በየመደብሩ ተንጠልጥሎ የነበረው የዓይን ደስታ እርሱ ነበር። በወርቃማው ታሪክ ውስጥ ግን ቦታ የለውም፤ ከጨለማው ወገን ተቈጥሯልና።

ይህን ፍርድ ያናጋው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ነው። በ2013 የአቶ ኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ሲያሳትም፣ የመረጠው ሸክላ ሳይሆን በ1985 የወጣ ካሴት ነበር። አቶ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ መሪ ተጫዋች የነበሩና በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በካሴቱም አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ብቻቸውን እየደራረቡ ተጫውተዋል። አዲሱ እትም ሽፋኑን በካሴቱ ሽፋን ላይ መሠረተው እንጂ አዲስ «የድሮ» መልክ አልፈጠረለትም። በኔ አስተያየት ይህ ከፓሪሱ የተሻለ አሠራር ነው። ሽፋኑ «ይህ አንድ ሰው፣ በአንድ ዓመት፣ በስደት አገር የሠራው ካሴት ነው» ይላል፤ ስለ ዘመን ሁሉ አይናገርም። የዚህ አሳታሚም ገዢ በአብዛኛው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው፤ ይህ አይካድም፤ የካሴቱ ደካማ ኅትመት ለርሱ እንደ ጌጥ ይታየው ይሆናል። ቢሆንም ጌጡ ውሸት አይጨምርም።

በፓሪሱም በኩል አንድ የማመሰግነው ነገር አለ። ሠላሳኛው ቅጽ በ2017 ሲወጣ የድሮ ቅጂ አልነበረም። አካሌ ውቤ የተባለው የፈረንሳዮች ባንድ፣ ቀድሞ ለብዙ ዘፋኞች ያቀናብሩ ከነበሩት ከአቶ ግርማ በየነ ጋር የሠራው አዲስ ሥራ ነው። ተከታታይ እትሙ የአሮጌ ሸክላ ማከማቻ ሆኖ ሳለ አዲስ ሥራ ሲገባበት፣ ሽፋኑ ገዢውን ሊያሳስት ይችል ነበር። ሆኖም በውስጡ የሚዘፍነው ሰው ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ የተመለሰ ሽማግሌ ነው፤ ድምፁም ዕድሜውን አይደብቅም። አልፎ አልፎ ድምፁ ሲሰበር ወርቃማዎቹ ዓመታት አለመመለሳቸው ይሰማል። ከቅጾቹ ሁሉ ለቅኝቱ ለትዝታ የቀረበው ለኔ ይህ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ያንን ሊያደርጉ አስበው እንደሆነ ግን አላውቅም።

አሁን በደብረ ሲና የሚቆመው መኪና ሾፌር ዘፈኑን ከፍላሽ ያጫውታል፤ ፍላሽ ሽፋን የለውም፤ የዘፋኙም ስም ብዙ ጊዜ በቍጥር ተተክቷል። የካሴቱ ወረቀት በየቤቱ መሳቢያ ቀለሙን እየለቀቀ ነው። የባሕሉ ጥናት ክፍል በሚመጣው ዓመት ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር ጐን ለጐን ቢቀመጥ እመኛለሁ። ይኸውም በ1965 የታተመ የሸክላ ልባስ፣ መምህራኑ በዚያው ዓመት ከወሎ ካመጡት ፎቶግራፎች አንዱ፣ ከሸዋ ሮቢት ሱቅ የተገኘ የካሴት ወረቀት ነው። የሦስቱም ዓመት ከሥራቸው በአማርኛ ቍጥር ይጻፍ፤ አርእስት አያስፈልጋቸውም።