በርበሬ የመሰለው ዱቄት

«ጋሼ፣ ልጠበው?»

ረዳቴ በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው ናፍጣ የሞላ ጣሳ ይዞ ቆሟል። ትራንስፈሩን ከካምቢዮው ካላቀቅነው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ጭቃና ዘይት ለብሶ ክሪኩ ላይ ተቀምጧል፤ ልጁ ደግሞ ቆሻሻ ዕቃ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። ያን ቀን ግን ጣሳውን አስቀምጦ ባትሪ እንዲያመጣልኝ ነገርኩት።

መኪናው ዲፌንደር ነው፣ ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ። ባለቤቱ ቱሪስት ይዞ አገር የሚያዞር ወጣት ነው፤ ያመጣውም «ሲነሳ ይመታል» ብሎ ነው። ፍሪሲዮን ሲለቅ ከሥር «ቋ» ይላል፣ ነዳጅ ለቆ መልሶ ሲረግጥም «ቋ»። እንዲህ ያለ ድምፅ ከክሮቼራም ከዲፍረንሻልም ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ካርዳኖቹን በእጄ ይዤ አወዛወዝኳቸው። ደህና ናቸው። ቀጥሎ ከትራንስፈሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታሁ። በዚያች ቀዳዳ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ከነማርሹ ይታያል። ልጁ ሞተሩን ከፊት ሲያንቀሳቅስልኝ ዘንጉ ቀድሞ ይዞራል፣ ማርሹ ቆየት ብሎ ይከተለዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዓይን የሚታይ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ይውረድ ያልኩት። ክዳኗን ሳይፈቱ በድምፅ ብቻ ትራንስፈር የሚያወርዱ አሉ። እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ፤ ደህናውን አውርጄ ደህናውን መልሼ ሰቅያለሁ።

የዚህ ትራንስፈር ስም ኤልቲ 230 ነው። ቁጥሩ በመግቢያውና በመውጫው ዘንግ መካከል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊሜትር። ክብደቱ ግማሽ ኩንታል ገደማ ስለሆነ ደረት ላይ ተቀብሎ ማውረድ ጉብዝና አይባልም።

የመሙያው ቡሎን መፈታቱን ሳላረጋግጥ የማፍሰሻውን አልነካም። ዘይቱ ፈስሶ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው እዚያው ጉድጓድ ላይ ይቀራል። የሚፈሰውን ደግሞ እለካዋለሁ፤ 2.3 ሊትር አካባቢ መሆን አለበት። አንዳንዴ ሦስት ሊትር ይወጣና ካምቢዮው ጎድሎ ይገኛል። መሬት ላይ አንድ ጠብታ የለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ፓራዮሊዮ አልቆ ዘይቱ ወደ ጎረቤት ተሻግሯል ማለት ነው።

ካርዳን ከመፍታቴ በፊት አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባለሁ። የዚህ ዲፌንደር የእጅ ፍሬን ጎማ አይዝም። ድራሙ ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ነው፤ የሚይዘውም ካርዳኑን ነው። ይህን የተማርኩት ረዳት ሳለሁ ነው። ግቢው ትንሽ ተዳፋት ነበረ፣ እኔም የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ማርሽ አስገብቼ ተማምኛለሁ። የፊቱ ካርዳን ቀድሞ ወርዷል። የኋለኛውን የመጨረሻ ቡሎን ሳወጣ መኪናው ከላዬ ቀስ ብሎ ሄደ። ሲጮህ እንኳ አልሰማሁትም፤ ብቻ ከላዬ ሰማይ መጣ። የተቃጠለ ዘይት የሞላ በርሜል ገጭቶ ቆመ። አለቃዬ አንድም ቃል አልተናገረኝም፣ ዘይቱን ግን በመጋዝ ብናኝ ያስጠረገኝ እስከ ማታ ነው።

ሌላው ብዙ አያስወራም። ዘንጎቹ፣ ሽቦዋ፣ የመተንፈሻዋ ቱቦ ይፈታሉ። ካምቢዮው በሌላ ክሪክ ይደገፋል፤ ከኋላ ዝቅ ሲል ሞተሩ ስለሚያዘነብል ከፊት ማራገቢያው ሽፋኑን እንዳይነካ ይታያል። ከካምቢዮው ጋር ከሚያያይዙት ቡሎኖች ሁለቱን አውጥቼ በቦታቸው ራሳቸው የተቆረጠ ረጃጅም ቡሎኖች አስገባለሁ። ትራንስፈሩ በእነርሱ ላይ ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል። እምቢ ሲል በካቻቢቴ ፈልቅቆ ፊቱን ከመጫር ይልቅ የቀረ ቡሎን መፈለግ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ልጁ ባትሪውን አበራ። የካምቢዮው ዘንግ ጥርሶች ከሥራቸው ሰፊ፣ ከጫፋቸው እንደ ቢላ ሾለዋል። በየመካከላቸው ደረቅ፣ ቀይ፣ ደቃቅ ዱቄት ሞልቷል።

«በርበሬ ይመስላል» አለ።

ብረት ከብረት ጋር ያለ ዘይት ሲፋተግ የሚያወጣው ዝገት ነው። የሞተሩ ጉልበት ወደ አራቱም ጎማ የሚያልፈው በእነዚህ ጥርሶች ነው፤ በቀድሞዎቹ ማርሾች ግን ዘይት አይደርሳቸውም ነበር። በኋላ የወጡት ዘይት የሚያስገባ ቀዳዳ ተበጅቶላቸዋል። ልጁ ጣሳውን አንድ ጊዜ ደፍቶበት ቢሆን ጥርሱ መበላቱን እናያለን፣ ለምን እንደተበላ ግን የሚነግረን አይኖርም። ማርሹን በዚያው ዓይነት ማርሽ እንለውጥና ሰውየው ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያው «ቋ» ይመለሳል።

ሙሉ ትራንስፈር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መስቀልም አለ። ይህንንም ሞክሬ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ የሰቀልኩት ከዲስከቨሪ የወረደ ነበር። መልኩ አንድ፣ ቡሎኖቹ ልክክ። የዲፌንደሩ ከፍተኛ ማርሽ 1.41 ሲሆን የዲስከቨሪው 1.22 ነው፤ አካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር ብመረምር ኖሮ አውቀው ነበር። ደንበኛዬ በሜዳው «ሞተሩንም አደስክልኝ እንዴ?» እያለ አመሰገነኝ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሲመለስ ግን ጭነቱን ይዞ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ወጣ። ስልክ የደወለልኝ ጫፍ ላይ ቆሞ ነው፤ ያኔ አላመሰገነኝም።

ወጣቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ዘንጉ የካምቢዮው ስለሆነ ካምቢዮውም ወርዶ መከፈት እንዳለበት ነገርኩት።

«ትራንስፈሩ ብቻ ነው አላሉኝም?»

ወደ ጉድጓዱ ይዤው ወረድኩና ባትሪውን ሰጠሁት። ጣቱን ጥርሶቹ መካከል አስገብቶ አወጣና በአውራ ጣቱ አሸው። ቀይ ሆነ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ዋጋውን ጠየቀኝ። ልጁ ከላይ ሁለተኛውን ክሪክ መግፋት ጀምሮ ነበር።