ገልብጠው ይዩት

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ዶርዜ ሲደርስ ግራና ቀኙ በቀለም ይሞላል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቁበት ዱንጉዛ፣ ባለ ጥለት የአንገት ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጋቢ፣ ሁሉም ገመድ ላይ ተሰጥቶ ንፋስ ያውለበልበዋል። ከአርባ ምንጭ ሐይቆች ዳር ሙቀት ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ለወጣ ሰው ይህ ሁሉ ቀለም በጭጋግ መሀል ሲታይ ኪስ ያስፈትሻል። ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ደግሞ ከአሥር እርምጃ ርቀት ሲያዩት የማያምር የለም። ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ጥቂት ወራት ሲቆይ ነው መሀሉ የሚረግበው፣ ጠርዙም የሚጨማደደው።

ስለዚህ ለግድግዳ የሚሆን ጨርቅ ሲፈልጉ ለግድግዳ ተብሎ የተሠራውን አይጠይቁ፤ ሰው ለብሶት የሚወጣውን ይጠይቁ። ሰው የሚለብሰው ይታጠባል፣ ይጎተታል፣ ሌሊት ተጠቅልለው ይተኙበታል። ሸማኔው ማግ ቆጥቦ ካሳሳው ባለቤቱ በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ፊቱ ይቆማል። ግድግዳ ግን ስሞታ አያቀርብም፤ አንዴ ገዝቶ የሄደ መንገደኛም አይመለስም። ለጎብኚ ዓይን ብቻ የሚሠራው ጨርቅ ቀለሙ ደማቅ፣ ምቱ ላላ ያለ ሆኖ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ የዶርዜ ባህላዊ ቤት ጨርቅ ይሰቀልብኝ የሚል ቤት አይደለም። ራሱ የተሸመነ ነው፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከታች እስከ ጫፍ እየተጠላለፈ ይቆማል፣ ላዩን የቀርከሃ ቅርፊትና የእንሰት ቅጠል ያለብሱታል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ደጃፉ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት ይወጣል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል፤ ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። ምስማር የሚመታበት ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም። ጨርቅ ለገላ ነው፤ ግድግዳ ላይ የመስቀሉ ፍላጎት የመጣው እኛ ልስን ባለው ብሎኬት መሀል የምንኖረው ሰዎች ዘንድ ነው።

አገሩ ግን ለሚሰቀል ጨርቅ እንግዳ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ ከሐር የተሠራ፣ የሰው ምስል የተሸመነበት ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በእኛ ዘመንም ጨርቅ ሥዕል ነው ወይ የሚለው ክርክር ካበቃ ቆይቷል፤ ጀርመን ተወልዳ አሜሪካ የኖረችው ሸማኔ አኒ አልበርስ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ብቻዋን ሥራዋን ያቀረበችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። የሚቀረው ጥያቄ የትኛው ጨርቅ ግድግዳ ይገባዋል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ገልብጠው ይዩት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሸማኔ አጠገብ ጥቂት መቀመጥ ይበቃል። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይቀመጣል። በእግር ጣቶቹ የያዛቸውን ሁለት ማሰሪያዎች በተራ ሲረግጥ ድሩ ለሁለት ይከፈላል፤ መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሾልኮ ያልፋል፤ ወዲያው መምቻውን ወደ ደረቱ ስቦ ማጉን ጠበቅ ያደርገዋል። ጌጥ የሌለበት ሜዳው እንዲህ በፍጥነት ይሄዳል። ጌጡ፣ ማለትም ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉ ነገር ይዘገያል። ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ በሥራቸው ቀለሙን ክር ያሾልካል፣ ከጎኑ ያለውንም እንዲሁ ያደርጋል፣ ከዚያ መሠረቱን የሚይዝ ነጭ ማግ ወርውሮ ይመታል። እንደገና ይቆጥራል። አንድ ስንዝር ጥበብ ብዙ ሜዳ የሚሠራበትን ጊዜ ይበላል።

ሰዓት ለመቆጠብ የሚፈልግ እጅ የሚያታልለው ታዲያ በጀርባው በኩል ነው። አንዱን ቅርጽ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ክሩን እዚያው አሳርፎ በሌላ ክር መጀመር ሲገባው፣ ያንኑ ክር በጀርባ ጎትቶ ያሻግረዋል። ከፊት አይታይም። ሲገለብጡት ግን ከጣት የረዘመ ክር ከቅርጽ ወደ ቅርጽ ተዘርግቶ ያዩታል። ይህ ክር ጨርቁ ሲንጠለጠል ይሳባል፤ ፊቱ በዚያ ቦታ ላይ ይኮማተራል። ጥሩ ጀርባ አጫጭርና እኩል የሆኑ ክሮች ያሉበት፣ ቋጠሮው ጥቂት፣ የቅርጹም ጠርዝ ከፊቱ ጋር የሚስማማ ነው። ሻጩ ገልብጠው ሲያዩ ቅር ካለው ያ ራሱ መልስ ነው።

ቀጥሎ ጠርዙ። ጨርቁን ከራስጌ እስከ ግርጌ ያጥፉትና ሁለቱን ጫፎች ያገናኙ፤ ስፋታቸው እኩል ነው? ከዚያ መሀሉን ከጫፉ ጋር ያስተያዩ። ሸማኔ ማጉን አጥብቆ ከሳበ ጨርቁ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ላልቶ ከተወው ጠርዙ ላይ ትናንሽ ቀለበቶች ይወጣሉ። የተካነ ሰው የሠራው ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አልጋ ላይ የሚነጠፍ ቢሆን ትንሽ መጣመሙ ማንንም አያስጨንቅም። ቀጥ ካለ የግድግዳ ማዕዘን አጠገብ ሲሰቀል ግን ጥመቱ ከመንገድ ይታያል።

መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የጨርቁ ስፋት በሰው ክንድ የተወሰነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ሰፊ አልጋ ልብስ ወይም ትልቅ የግድግዳ ጨርቅ ካዩ መሀሉ ላይ ስፌት ይፈልጉ። መሰፋቱ ነውር አይደለም። የጋናው ኬንቴ ከመዳፍ እምብዛም ከማይሰፋ ቁራጭ እየተገጣጠመ ነው ያን ያህል የከበረው። የሚመዘነው ቅርጾቹ ስፌቱ ላይ ሲገናኙ ነው። የግራው ሦስት ማዕዘን ጫፍ ከቀኙ ጋር በትክክል ከገጠመ ሸማኔው ሁለቱንም ቁራጭ በአንድ ልብ መትቷቸዋል ማለት ነው። በጣት ስፋት ከተዛነፈ ዋጋው መቀነስ አለበት፤ ወይም ስፌቱን አስፈትተው ሁለቱን ቁራጮች ለየብቻ ጎን ለጎን ይስቀሏቸው። እኔ እንዲያውም ይህን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ብርሃን ይያዙት። ጀማሪ ገዢ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእጅ የተፈተለ ክር አንዳንድ ቦታ ወፍራም፣ አንዳንድ ቦታ ቀጭን ይሆናል፤ ብርሃን ሲያልፍበት እዚህም እዚያም እንደ ጭረት ይታያል። ሰው ይህን ጉድለት ብሎ የፋብሪካውን ልሙጥ ጨርቅ ያነሳል። ጭረቱ ግን የእንዝርት ፊርማ ነው። ከቆላ የመጣውን ጥጥ ባዘቶ አድርገው የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ለሸማኔው ከሚደርሰው ሥራ እኩሌታው በእነሱ እጅ አልቆ ነው የሚመጣው። እውነተኛው ጉድለት ሌላ መልክ አለው፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሄድ የሳሳ መስመር፣ ቀጥሎ የደነደነ፣ ቀጥሎ ደግሞ የሳሳ። ያ የክሩ ሳይሆን የምቱ ነው። አንድ ሁለት እንዲህ ያለ መስመር ካለ ግድ የለም፤ ሰውዬው ምሳ በልቶ ተመልሶ ይሆናል። ሲደጋገም ግን ለማጅ እጅ ነው፤ ሲሰቀልም የሳሳው ቦታ ይወርዳል።

ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ ፈትል ቢሆን ቅር አይበልዎ። ድር ተወጥሮ ስለሚመታ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። ቅር ሊልዎ የሚገባው ሙሉ በሙሉ ፈትል ነው ተብለው የፈትል ዋጋ ከከፈሉ በኋላ ነው። ከዘርፉ አንድ ክር ለምነው ክብሪት ይለኩሱበት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጠጠር ያለ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ዱንጉዛ ላይ ባለ ቀለሙ ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ለግድግዳ ከሆነ ይህ ጥፋት አይደለም፤ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። የጥጡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ነጭ መሀረብ አርጥበው ቀዩ ላይ ማሸት ነው።

ስለ ዱንጉዛ አንድ ቃል ልጨምር። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ እኩል እኩል ሲከፋፈሉ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ጥሩ የሚባለው ላይ አንዱ ቀለም ይገዛል፣ ሌሎቹ ያጅባሉ፤ በተለይ ጥቁሩ በርከት ብሎ ቀዩን ሲይዘው። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ ሙሉ ዱንጉዛ አይስቀሉ። አንድ የአንገት ልብስ ስፋት ያለው ይበቃል።

ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ደግሞ ያለቀውን ከመግዛት ይልቅ ማዘዝ ይሻለዋል። ዶርዜ ድረስ መሄድ ካልተቻለ ሽሮ ሜዳ አለ፤ እንጦጦ ሥር የሚሸምኑት ብዙዎቹ ዶርዜ ካለበት ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም እዚያ ዘር ያላቸው ናቸው። ጊዜውን መምረጥ ዋጋ አለው። መስከረም 17 የጋሞ ትልቁ በዓል ነውና ከአዲስ አበባ ሸማኔው ወደ አገሩ ይገባል፤ ገናና ጥምቀት፣ የጥርም ሠርግ ሥራ ያጨናንቃሉ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሄዶ ማነጋገር ነው።

ሲያዙ የሰው ፊት ወይም በቄንጥ የተጻፈ ስም አይጠይቁ። ጥበብ የሚሠራው ክር ተቆጥሮ ስለሆነ ጥምዝ የሆነው ሁሉ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ የልጅዎ ስም እንደ ፈራረሰ አጥር ሆኖ ይወጣል። ቀጥ ያለ መስመር፣ መስቀል፣ ሦስት ማዕዘን፣ እነዚህ የጨርቁ የገዛ ቋንቋ ናቸው። ንድፉን ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ሥለው ይውሰዱ፤ ሸማኔው በአንድ እይታ ይቻል አይቻል ይነግርዎታል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ጥበብ የሌለው ነው። የማጉን ቀለም በየመሀሉ እየለወጡ የሚሠራ አግድም መስመር ከሜዳው እኩል ነው የሚፈጥነው፤ መወርወሪያው ውስጥ ያለውን ቀሰም መለወጥ ብቻ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት አምስት መስመር ማሠራት ይችላል፤ የወላጆቹ አንድ አንድ ስንዝር፣ የልጆቹ ሁለት ሁለት ጣት፣ ቀለሙን እያንዳንዱ ራሱ ይምረጥ። ምንም ያልተጻፈበት፣ ግን ከእናንተ ቤት ሌላ የማንም ሊሆን የማይችል ጨርቅ ይሆናል። ልጅ ከተጨመረ ሸማኔውን ሌላ ቁራጭ ማሠራት ነው።

ሳጥን ውስጥ የእናት ወይም የአያት ልቃቂት የተቀመጠበት ቤትም ብዙ ነው። ጋቢ ይሠራበታል ተብሎ ተፈትሎ የቀረ። እሱን ይዘው ከሄዱ የሚከፍሉት ለእጅ ብቻ ነው። አስቀድመው ከክሩ ክንድ ያህል ፈተው ሳብ ያድርጉት፤ ቶሎ የሚበጠስ ከሆነ ለድር አይሆንም፣ ለማግ ግን ይበቃል። ድሩን የፋብሪካ ክር ያድርጉት። ያረጀ ፈትል ነጭነቱ ወደ ቅቤ መልክ ይሄዳል፤ ከግድግዳ ቀለም ጋር ሲታይ ከአዲሱ ይልቅ ያምራል። ያም ከሌለ አሮጌ ቀሚስ ወይም ነጠላ አለ። ሜዳው ቀድሞ ይበሰብስና ጥለቱ ደህና ሆኖ ይቀራል። ጥለቱን ቆርጠው አቡጀዲ ላይ በእጅ ስፌት ያያይዙት፤ ሙጫ አይንካው፣ ቆይቶ ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ክሩንም ይሰብረዋል።

ሲሰቅሉት ምስማሩን በጨርቁ ውስጥ አያሳልፉ፣ በሁለት ማዕዘንም አያንጠልጥሉ፤ ክብደቱ ሁለቱ ነጥቦች ላይ ያርፍና መሀሉ ይሰምጣል። በላይኛው ጠርዝ ጀርባ ላይ እንደ እጅጌ ያለ ቀዳዳ ሰፍተው ቀርከሃ ያስገቡበት። ቀርከሃው ዶርዜ ላይ ርካሽ ነው፤ አዲስ አበባም አይጠፋም። የተከራዩት ቤት ከሆነ ሁለት ቀዳዳና ሁለት ፊሸር ከበቂ በላይ ነው፤ ባለቤቱም አይቆጣም። ድሩ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ ይስቀሉት፤ የጨርቁ ብርታት በዚያ በኩል ነው። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ የጥጥ ቀለም አይቆይም፤ ወጥ ቤት አጠገብ ደግሞ የዘይቱ ጭስ ይይዘዋል።

በእጅ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ስለዚህ ገዝተው እንደ ገቡ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው አጥበው፣ ሳይጠመዝዙ ዘርግተው ያድርቁት፤ እጅጌውን ከዚያ በኋላ ይስፉ። ቀድመው ከሰፉት ጨርቁ ሲሰበሰብ የስፌቱ ክር አብሮት ስለማይሰበሰብ ላይኛው ጠርዝ ይጨማደዳል።