ደጋፊ እጅ፦ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ልጆች የሚሰጥ የእጅ ሥልጠና በጅቡቲ ከተማ

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት አይባባስም፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ልጁ ባደገ ቁጥር እየጠበቁና እየተጣመሙ ሊሄዱ ይችላሉ። ወላጅ ቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ይሄዳል?» ብሎ ነው። የእጅ ነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ዕድል አልፏል።

ጡንቻው የተገተረ ልጅ እጅ መልኩ ይታወቃል። ክርኑ ይታጠፋል፣ መዳፉ ወደ ታች ይዞራል፣ አንጓው ወደ ውስጥ ይሰበራል፣ አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ይደበቃል። ዋናው ችግር ያለው አንጓው ላይ ነው። ጤነኛ ሰውም ቢሆን አንጓውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አጥፎ እስክሪብቶ አጥብቄ ልያዝ ቢል ጣቶቹ ጉልበት ያጣሉ። ስለዚህ ባለሙያው ለልጁ የሚመርጠው ሥራ አንጓውን ቀና እንዲያደርግ የሚያስገድደውን ነው፤ ለምሳሌ ከፍ ካለ ቦታ ዕቃ ማውረድን።

ብዙ ቤተሰብ ሕክምና ሲባል የሚጠብቀው ማሸትና መሳብ ነው። ወጌሻ የሚያውቅ ሁሉ እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ልጁም ሲታሽ ደስ ይለው ይሆናል። ነገር ግን ሌላ ሰው የሚያንቀሳቅሰው እጅ ሥራ አይማርም። የሚለወጠው ልጁ ራሱ ፈልጎ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ደግሞ የሞከረው እጅ ነው። ጡንቻ የሚያላላው የቦቱሊነም መርፌም ቢሆን ለጥቂት ወራት በር ይከፍታል እንጂ ሥልጠናውን አይተካም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ የአንድ ክንዳቸው ስሜት የተቋረጠባቸው ጦጣዎች ያንን ክንድ እንደሚተዉት፣ ጤነኛው ሲታሰር ግን መልሰው እንደሚጠቀሙበት አሳየ። ጤነኛውን የማሰር ዘዴው በኋላ አንድ ጎናቸው ወደተጎዳ ልጆች መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናት ጤነኛው ክንድ በጄሶ ታስሮ ልጆቹ በቀን 6 ሰዓት ለ21 ቀናት ሠለጠኑ። በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት የበጋ ወቅት ጄሶ ማሰር ጭካኔ ይሆናል። ቀጭን የጨርቅ ጓንት፣ ጠዋት ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማጥለቁ ይሻላል።

ማሰሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ኑሮ የሚጠይቀው ሁለት እጅ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሁለት እጅ ሥልጠና የተጎዳውን እጅ ደጋፊ ያደርገዋል። የውሃ ጠርሙስ መክፈት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ደካማው እጅ ወገቡን ይይዛል፣ ብርቱው ክዳኑን ያዞራል። ጀማሪ ልጅ ውሃው ያልጎደለ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሊሰጠው ይገባል፤ የጎደለ ጠርሙስ በተገተረ ጣት ተጨምድዶ ውሃው ልብሱ ላይ ይፈሳል። ክዳኑ መጀመሪያ ላላ ብሎ ይቆየዋል፤ ኋላ እየጠበቀ ይሄዳል።

ሰዓቱ ብዙ ነው። ተለይተው የተመረጡ ጥቂት ግቦች ከ14 እስከ 25 ሰዓት፣ አጠቃላይ የእጅ ችሎታ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሰዓት ልምምድ እንደሚፈልጉ ጥናቶች ያሳያሉ። በሳምንት አንድ ሰዓት ወደ ኪኔ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ) የሚሄድ ልጅ 40 ሰዓት ለመሙላት ከዘጠኝ ወር በላይ ይፈጅበታል። እቤት በቀን ግማሽ ሰዓት የሚለማመድ ግን በሁለት ወር 30 ሰዓት ይሞላል። በከተማው ዳርቻ ባልባላ የምትኖር እናት በአውቶቡስ ከምትጉላላ ባለሙያው የቤት ሥራውን በደንብ አሳይቷት ቢልካት ይበልጣል።

እጅን አቅንቶ የሚይዘው ድጋፍ፣ ስፕሊንት፣ የራሱ ጣጣ አለው። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለስልሶ የሚቀረጸው ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተረሳ ቅርጹን ያጣል። ከሥሩ ላብ ስለሚጠራቀም ቆዳው በየዕለቱ መታየት አለበት። ደግሞም ጣትን ያቃናል እንጂ ሥራ አያስተምርም።

ከሁሉ የሚከብደው ማዕድ ነው። ሶማሌውም አፋሩም፣ በከተማው የሚኖረው ኢትዮጵያዊም የሚበላው በቀኝ ነው። ቀኝ ጎኑ የተጎዳ ልጅ በዚያ እጅ ሩዝ ሰብስብ ቢባል ተርቦ ይነሳል። የሚያዋጣው ከአያትም ከአባትም ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው፤ ቀኙ የላሆሁን ወይም የእንጀራውን ጠርዝ ተጭኖ ይይዛል፣ በደንብ የታጠበው ግራ ይቆርሳል። ይህን እንደ ነውር የሚያይ ቤት ካለ ለግራው ማንኪያ መስጠት ይቻላል። ልጅን በማዕድ ፊት ማሳፈር ግን የወራት ሥልጠና ያፈርሳል።

አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ ዕቃ የሚያነሳ፣ ሌላውን ጨብጦ የሚያቆይ ከሆነ «ግራኝ ነው» ወይም «ቀኙ በርትቶ ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም። በዚህ ዕድሜ እጅ መምረጥ የተለመደ አይደለምና ሳይውል ሳያድር ለሕፃናት ሐኪም ይታይ።