ስለ ሙቀት መፈተኛ ገበታ አሠራር አጭር ትችት

በማስተማሪያ ላቦራቶሮች የሙቀት ሴንሰሮችን ለመፈተን የሚሠራው ገበታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። ከታች ፔልቲዬር የተባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ፊቱ ሲሞቅ ሌላው የሚቀዘቅዝ ንጣፍ አለ። በላዩ የአሉሚኒየም ጡብ ይቀመጣል፤ በጡቡ ውስጥ ያለው ሴንሰርም ሙቀቱን እየለካ ለመቆጣጠሪያው ያስታውቃል። ወጪው ቀላል፣ አሠራሩም ለተማሪ ግልጽ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛው፣ ገበታው 50 ዲግሪ ብሎ ሲያሳይ የሚመሰክርለት የራሱ ሴንሰር ብቻ ነው። ዳኛውም ምስክሩም አንድ ሆነ ማለት ነው። በአንድ ቁጥር ላይ ጸንቶ መቆየቱም ትክክለኛነቱን አያስረዳም፤ ጸንቶ የሚሳሳት መሣሪያ አለና።

ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ይህ ሴንሰር የሚስተካከልበት መንገድ ነው። በሚቀልጥ በረዶ 0፣ በሚፈላ ውሃ 100 የሚለው ደንብ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ እስከ ለገሃር ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። በወደቡ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በለገሃር የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። ይህን 92 «100» ብሎ የሚሰይም ተማሪ ልኩን ሁሉ ይለጥጠዋል፤ 20 ዲግሪ 22 ያህል፣ 37 ደግሞ 40 ሆኖ ይነበባል። እንዲህ በተስተካከለ መሣሪያ ጤነኛው ሰው ትኩሳተኛ ይባላል። በአንጻሩም በየዲግሪው 10 ሚሊቮልት የሚሰጠው ኤልኤም35 በፈላው ውሃ ውስጥ 920 ሚሊቮልት ቢያሳይ፣ እውነቱን ተናግሮ ሳለ 8 ዲግሪ ጎደለው ተብሎ ይጣላል።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። የሚቀልጠው በረዶ በደጋም በቆላም ያው ስለ ሆነ ይያዝ። ውሃ ሲፈላ ግን በዚያው ሰዓት በዚያው ክፍል ያለው የአየር ግፊት በባሮሜትር ተለክቶ የመፍያው ልክ ከሰንጠረዥ ይነበብ። በአየር ጠባይ ዘገባ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የሚነገረው ግፊት ለዚህ አያገለግልም። በጡቡም ውስጥ ሁለት እኩል ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ይበሱ፤ በአንዱ የታመነ ቴርሞሜትር፣ በሌላው የሚፈተነው ሴንሰር ይግባ፤ ቀጥሎም ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይለኩ። ንባቡ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይመዝገብ።

ገበታ መሥራት ጥሩ ትምህርት ነው፤ ገበታውን ራሱን መፈተን ግን ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ስለዚህ በፈተና ወረቀት ላይ ከሙቀቱ አጠገብ የዕለቱ የአየር ግፊት ያልተጻፈበት ውጤት ተቀባይነት ባያገኝ ይሻላል።